አፕወርክ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ፦ በሰዓት ሳይሆን በቁርጥ

አፕወርክ አሠሪና ከቤቱ የሚሠራ ሰው የሚገናኙበት የኢንተርኔት የሥራ ጣቢያ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛ ይሆናል ወይ የሚለውን እንይ። እዚያ በሰዓት የሚከፈል ሥራ የያዘ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይጭናል። ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፤ ጎን ለጎንም ኪቦርዱና ማውሱ ምን ያህል እንደተነካ ይመዘግባል። አሠሪው ይህን መዝገብ ያያል። የጣቢያው የሰዓት ክፍያ ዋስትናም የሚሠራው ፕሮግራሙ በርቶ፣ ምን እየተሠራ እንደሆነ ማስታወሻ ተጽፎና በቂ እንቅስቃሴ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው።

ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በድምፅ የሚጽፍ ሰው ብዙ ሠርቶ ኪቦርዱን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ጣቱ ቀስ የሚል ወይም ሕመሙ ሲነሳበት በየ15 ደቂቃው ጋደም ማለት ያለበት ሰው መዝገቡ ላይ ሰነፍ መስሎ ይታያል። ፕሮግራሙ ሳይበራ የተሠራ ሰዓት በእጅ ሊመዘገብ ይችላል፤ ግን አሠሪው ከፈቀደ ብቻ ነው፣ ዋስትናውም አይሸፍነውም። መቆጣጠሪያው በስልክ ስለማይሠራ አልጋ ላይ ሆኖ በስልኩ የሚሠራ ሰውም ከዋስትናው ውጭ ነው። ስለዚህ ጣቢያው ለአካል ጉዳተኛ ይሆናል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይሆናል ነው፣ ግን በቁርጥ ዋጋ፣ ማለትም በሰዓት ሳይሆን ለሥራው አስቀድሞ በተቆረጠ ክፍያ።

የቁርጥ ሥራ አካሄዱ እንዲህ ነው። ሥራው ማይልስቶን በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ አሠሪው የክፍሉን ገንዘብ አስቀድሞ ለጣቢያው በአደራ ያስይዛል። ገንዘቡ መያዙን ገጹ ላይ ሳያዩ አንዲት መስመር አለመሥራት ነው። ሥራው ሲገባ አሠሪው 14 ቀን የማየት ጊዜ አለው፤ ዝም ካለ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ 5 ቀን ይቆይና ወጪ ማድረግ ይቻላል። በከፋ ጊዜ 19 ቀን ነው፣ ለቤት ኪራይ ቀን የሚታመን አይደለም። በመሃል በስንት ሰዓት ተሠራ፣ ስንት ጊዜ ታረፈ፣ በእጅ ነው በድምፅ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የቁርጥ ሥራ እንከኑ አሠሪው «ይቺን ደግሞ ጨምርልኝ» እያለ ሥራውን ማስረዘሙ ነው። መድኃኒቱ ማይልስቶኑ ላይ ልኩን መጻፍ ነው፦ «20 ደቂቃ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ 1 ጊዜ እርማት፣ በ4 ቀን»። ክፍሎቹን ትንንሽ ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። ሕመም ቢጥል የሚዘገየው አንድ ክፍል ነው፣ ሥራው ሁሉ አይደለም። ቀኑን ስትቆርጡ በደህና ቀናችሁ ከሚፈጀው ላይ ግማሽ ያህል ጨምሩ። ቀኑ እንደማይበቃ ከታወቀ ደግሞ ከማለፉ በፊት እዚያው በጣቢያው መልእክት ለውጥ ጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣ ምክንያት፣ እውነትም ቢሆን፣ ሰበብ ነው የሚመስለው።

ወደ ወጪው እንምጣ። መመዝገብ በነፃ ነው፤ ለሥራ ማመልከት ግን ኮኔክት የሚባል፣ በገንዘብ የሚገዛ የማመልከቻ ነጥብ ይበላል። አንዱ ኮኔክት 0.15 ዶላር ነው፤ ስንት እንደሚጠየቅ ከሥራ ሥራ ይለያያል። 12 ኮኔክት የሚጠይቅ ማመልከቻ 1.80 ዶላር መሆኑ ነው፣ ሃያ ቢያመለክቱ 36 ዶላር። ጀማሪ የሚከስረው እዚህ ነው። ፍለጋው ላይ ቁርጥ ዋጋ የሚለውንና የአሠሪው መክፈያ ተረጋግጧል የሚለውን ማጣሪያ አብሩ፤ ከዚህ በፊት ለሠራተኞች ስንት እንደከፈለና ምን እንደተባለለት አንብቡ። ብዙ ማስታወቂያ ለጥፎ ማንንም ያልቀጠረ ላይ ኮኔክት አታቃጥሉ። ከገቢው ላይ የሚቆረጠው ኮሚሽን ቀድሞ 10 በመቶ ነበር፤ ከሜይ 2025 ወዲህ ለሚገቡ አዳዲስ ውሎች ከ0 እስከ 15 በመቶ ይለያያል፣ መጠኑም ከማመልከታችሁ በፊት ይታያል።

አማርኛ ለሚያውቅ ሰው የሚገኘው ሥራ ባብዛኛው ትርጉም፣ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ፣ ድምፅ መቅዳትና ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሚሆን መረጃ መለየት ነው። ግልበጣ ቀላል ይመስላል፣ ስሌቱ ግን መሠራት አለበት። ጥርት ያለ የ1 ሰዓት ድምፅ ለሠለጠነ እጅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ጫጫታ ያለበት፣ ሦስት ሰው የሚሻማበት ደግሞ 9 ሰዓትም አይበቃው ይሆናል። ለምሳሌ ለ1 ሰዓት ድምፅ 30 ዶላር ቢቀርብ፣ ኮሚሽኑ 10 በመቶ ከሆነ፣ እሱና የ12 ኮኔክት ዋጋ ሲነሱ 25.20 ይቀራል። በ6 ሰዓት ካለቀ በሰዓት 4.20 ነው፤ 9 ሰዓት ከፈጀ 2.80 ነው። የድምፁን 3 ደቂቃ ናሙና ሳይሰሙ ዋጋ አይናገሩም። ለመገልበጥ ኦትራንስክራይብ የተባለው ነፃ መሣሪያ ይበቃል፤ በኤስኬፕ ይቆማል፣ በኤፍ1 ወደኋላ ይመለሳል፣ እጅ ከኪቦርድ አይነሳም። አማርኛ በድምፅ መጻፍ ለሚፈልግ የጉግል ኪቦርድ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይቀበላል። ቁልፍ ደራርቦ መጫን ለሚያስቸግረው ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ መታ ቢያደርግ ስቲኪ ኪይስ ይነሳል፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መጫን ይችላል።

ለዓይነ ስውራን ኤንቪዲኤ የሚባለው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ነፃ የስክሪን አንባቢ ዋናው መሣሪያ ነው። ኤች ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ ቢ ከአዝራር ወደ አዝራር፣ ኢ ወደ መጻፊያ ሳጥን ይወስዳል፤ ኢንሰርትና ኤፍ7 አብረው ሲጫኑ የገጹ ሊንኮችና ርዕሶች ተዘርዝረው ይመጣሉ። የማመልከቻውን ጽሑፍ በኖትፓድ አዘጋጅቶ መለጠፍ ይሻላል፤ ገጹ ታድሶ ቢጠፋ ልፋቱ አይባክንም። ማንነት ሲረጋገጥ መታወቂያን ፎቶ ማንሳትና ፊትን ካሜራ ፊት ማቆም ስለሚጠየቅ ለዚያች ሰዓት የሚያይ ሰው አጠገብ ይኑር። ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን።

ጉዳትን ፕሮፋይል ላይ መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ እኛም አንመክርም። የሚጻፈው የአሠራር ሁኔታ ነው፦ «መልእክት በ12 ሰዓት ውስጥ እመልሳለሁ»፣ መስማት ለተሳነው ደግሞ «ስብሰባ በጽሑፍ አደርጋለሁ»። አሠሪ የሚፈልገው ይህን ነው።

በሰዓት ሥራ የግድ ከሆነም የሒሳቡ ሳምንት የሚዘጋው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ክፍያው ወጪ የሚሆነው ሳምንቱ ካለቀ 10 ቀን ያህል ቆይቶ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ የጉዳት ድጎማ ተቀባዮች ሒሳቡን ሳታዩ አትግቡ። ኤስኤስአይ (ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ድጎማ) ላይ ሌላ ገቢ ከሌለ ከወሩ የተጣራ የሥራ ገቢ የመጀመሪያው 85 ዶላር አይነካም፤ ከዚያ በላይ ካለው ግማሹ ከድጎማው ይቀነሳል። 285 ዶላር ቢገባ 100 ዶላር ይቀነሳል፣ 185 ትርፍ ነው። ኤስኤስዲአይ (ቀድሞ ሠርቶ መዋጮ ለከፈለ ሰው የሚሰጠው ድጎማ) ላይ የሙከራ ወር፣ ማለትም ድጎማው ሳይቋረጥ ሥራ የሚሞከርበት ወር፣ የሚቆጠረው በወር ከተወሰነ ገቢ በላይ ሲገባ (በ2025 1,160 ዶላር ነበር)፣ ወይም የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ከ80 ሰዓት በላይ ሲሠራ ነው። በቁርጥ የሚሠራ ሰው ሰዓት የሚመዘግብለት ስለሌለ ራሱ በደብተር ይያዝ፤ ገቢውንም በየወሩ ያሳውቅ።

«አካውንትህን አከራየኝ»፣ «መጀመሪያ ማስያዣ ላክ»፣ «በቴሌግራም እንነጋገር፣ እዚያ እከፍልሃለሁ» የሚሉ መልእክቶች ይመጣሉ። አካውንት ማከራየት ያሳግዳል። ጣቢያው ላይ ከተዋወቁት አሠሪ ለ2 ዓመት ከጣቢያው ውጭ ክፍያ መቀበልም ክልክል ነው፤ እዚያ ከተከፈለ በአደራ የተያዘ ገንዘብ የለም፣ አቤት የሚባልበትም የለም።