ስላሸር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሻፍቱ ሳይለካ እንዳትፈርሙ

እጄ ላይ ያለው ግራሶ ሳይለቅ ነው የምጽፈው። 380,000 ብር ያወጣሁበት ስላሸር፣ ትራክተር ኋላ ተገጥሞ ሳር የሚያጭደው መሣሪያ፣ ትናንት ጠዋት ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ተሰንጥቆ ቀረ። ትራክተሬንም አብሮ አቆመው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። አዳማ ወርዶ የእርሻ መሣሪያ የጠየቀ ሁሉ አይቷቸዋል። በሩ ላይ ደላላው "ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?" ይልሃል፣ ውስጥ ማኪያቶ ይታዘዝልሃል፣ ከዚያ ያቺ የታወቀች ነገር ትመጣለች፦ "ይሄ የመጨረሻው ነው፣ ዶላሩን እያየኸው ነው፣ የሚቀጥለው በዚህ ዋጋ አይገባም።" እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ አይደል? ስከራከር ውዬ 15,000 ብር አስቀነስኩ። ለባለቤቴ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ። ይቺን 15,000 ብር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መቂ አካባቢ አቮካዶና ፓፓያ አለኝ። ክረምቱ ሲወጣ በዛፎቹ መሀል ሳሩና ፓርቴኒየሙ ወገብ ይደርሳል። በቀን ሠራተኛ ላሳጭደው ብል አንዱ ጥግ ሳያልቅ ሌላው ጥግ ይበቅላል። ስላሸሩን የፈለግኩት ለዚህ ነው፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ የሚያጭድ፣ ፒቲኦው (ከትራክተሩ ኋላ ኃይል የሚሰጠው የሚሽከረከር ጫፍ) በደቂቃ 540 ዙር ሲመታ የሚሠራ፣ ለኔዋ ማሲ 385 ትራክተር ምንም የማይከብዳት።

ዕቃው በአይሱዙ መጣ፣ አብሮት አንድ ልጅ መጣ። "ባለሙያ እንልክልሃለን" ብለውኝ ነበር። ቱታው ንጹሕ ነበር። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፤ ንጹሕ ቱታ የለበሰ መካኒክ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱን የታች ክንዶች አስገባ፣ ከላይ የሚይዘውን ቶፕ ሊንክ አጠበቀ፣ ከፒቲኦው ወደ ስላሸሩ ጊርቦክስ ኃይል የሚያስተላልፈው ሻፍት ግን እምቢ አለው። በመዶሻ መታ መታ አድርጎ በግድ አስገባው።

ሾፌሬ ሃያ ዓመት ትራክተር ላይ የኖረ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየና "ይሄ ሻፍት ረዝሟል፤ ሲነሳ መሄጃ ያጣል። መቆረጥ አለበት" አለ። ልጁ ሳቀ። "ፋዘር፣ ይሄ እንደ ድሮው አይደለም። ቱቦ በቱቦ ነው፣ ራሱ ይገባል ይወጣል።"

እኔ ምን አልኩ? "ተወው፣ እሱ ይሻላል፣ ባለሙያ ነው።" በሰው ፊት። ሾፌሬ ኮፍያውን አስተካክሎ ዞር አለ።

ስለ ዘይቱም ጠይቄያለሁ። ልጁ ጊርቦክሱን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገና "ከፋብሪካው ተሞልቶ ነው የሚመጣው ጋሼ" አለኝ። የመሙያው ቡሎን ላይ ያለው ቀለም ምንም አልተላጠም፣ ቁልፍ አርፎበት አያውቅም። አይቼዋለሁ። አይቼም "እንዴት ያለ አዲስ ዕቃ ነው" ብዬ ደስ ብሎኛል!

የአይሱዙው ሾፌር መሸብኝ እያለ ክላክስ ይነፋል። ስላሸሩ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ፒቲኦውን ለቀቁት፣ ምላጩ ዞረ፣ አቧራው ተነሳ፣ ልጆቼ አጨበጨቡ። እየዞረ አንድም ጊዜ በሀይድሮሊክ አላነሱትም። ወረቀት ተሰጠኝ፣ ኮፈኑ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። "ፈትሼ ተረክቤያለሁ" ይላል።

ጠዋት ሁለት መስመር አጨደ፣ አልዋሽም፣ ምንጣፍ አስመሰለው። ሦስተኛው ጫፍ ላይ ሾፌሬ ለመዞር ሲያነሳው በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ወጣ። መሬት ላይ ሲቀመጥ ሻፍቱ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ሲነሳ ከትራክተሩ ጋር ቀጥ ይላል፣ ያኔ ነው ርቀቱ የሚያጥረው። የውስጡ ቱቦ የውጪውን መጨረሻ መታ፣ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። አንዱን ጫፍ ወደ ትራክተሩ ገፋ፣ የፒቲኦው ፓራኦሊዮ (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) ፈነዳና ዘይቱ ተንዠቀዠቀ። ሌላውን ጫፍ ወደ ጊርቦክሱ ገፋ፣ አንገቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ።

ከስንጥቁ አንድ ጠብታ ዘይት አልወጣም። አንድ ጠብታ! ጣቴን አስገብቼ አየሁ፣ ደረቅ ነው። ከፍተን ስናየው ጥርሱ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል።

ሱቁ ደወልኩ። "ድንጋይ መታችሁ ነው" አለችኝ ስልኩን ያነሳችው። ድንጋይ ቢሆን ምላጩ ሲያዝ መጀመሪያ የሚበጠሰው ሻፍቱ ላይ ያለው ለስላሳው ቡሎን ነው፣ የተሠራውም ለዚያ ነው። እሱ እስከነቀለሙ ቁጭ ብሏል። ፎቶ ላክኩ፣ አይተው ዝም አሉ።

ከሰዓት አዳማ ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ እውነቴን ነው፣ ባለማወቅ ያጠፉት መስሎኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ከአንድ ድርጅት ለመጡ ሰዎች ሁለት ስላሸር እየተገጠመ ነው። አንድ ትልቅ ሰው፣ ግራሶ የጠገበ ቱታ የለበሰ፣ ስላሸሩን በሀይድሮሊክ አንስቶ ሻፍቱ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ አቆመው። ሁለቱን ግማሽ ጎን ለጎን ይዞ በጠመኔ ምልክት አደረገ። በግራይንደር ቆረጠ፣ ጫፉን በሞረድ አለሰለሰ፣ ግራሶ ቀባ። እግሩ ሥር የጊርቦክስ ዘጠና ዘይት ጀሪካን አለ፣ ጊርቦክሱ ውስጥ ሲንዶቆዶቅ ይሰማኛል።

"ለእነሱ ለምንድነው የምትቆርጠው?" አልኩት።

"ገጠማ ከፍለዋላ።"

ገንዘብ ያዥዋ ጋ ገባሁ። ደረሰኙን ገለበጠችና "ቅናሽ ስትለን የቀነስንልህ እኮ የገጠማውን ነው" አለችኝ። አያችሁ 15,000 ብሬን? "የላካችሁት ባለሙያስ?" "እሱ አውራጅ ነው፣ ልርዳቸው ብሎ ነው የገጠመላችሁ።" ስልኳን እየነካካች ነው የምታወራኝ። "ደግሞ ፈትሼ ተረክቤያለሁ ብለህ ፈርመሃል ጋሼ።" ከጀርባዋ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ተለጥፏል፤ በጣቷ እንኳን አልጠቆመችኝም፣ ቀና ብላ አየችውና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

የእህቴ ልጅ ጠበቃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ሲለኝ ተነስቼ ልስመው ነበር። "ቆይ ጋሼ" አለኝ፣ "ለማምረቻ የገዛ ሰው በአዋጁ ሸማች አይባልም።" ለቤቴ ማጊ ስገዛ ሸማች፣ ለአቮካዶዬ ስላሸር ስገዛ ግን ሸማች ያልሆንኩ ሆኜ ተገኘሁ። የቀረኝ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ውል መክሰስ ነው፣ እዚያ ደግሞ ያቺ ፊርማ ትጠብቀኛለች። የሱቁን ስም እዚህ እንዳልጽፍ የከለከለኝም እሱ ነው።

ለምትገዙ፦ ገጠማው ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የመሙያውን ቡሎን ፊታችሁ አስከፍቱ። ፒቲኦውን ሳትለቁ በፊት ስላሸሩን ቀስ ብላችሁ ከታች እስከ ላይ አንሱት፤ ሻፍቱ በጣም ባጠረበት ቦታ ሁለት ሦስት ሳንቲም ይትረፈው፣ በጣም በረዘመበትም ቱቦዎቹ ቢያንስ ሲሶ ይደራረቡ። ሲያጭድ ፊቱ ከኋላው ሁለት ሳንቲም ያህል ዝቅ ይበል። ሾፌራችሁ ሲናገር ስሙት።

የኔ ሻፍት ሲለካ ከሚገባው በላይ የረዘመው 9 ሳንቲም ነበር። ዛሬ ስምንት ሰው ማጭድ ይዞ ገብቷል፣ ትራክተሩ ስለቆመ ሾፌሬም አብሯቸው ነው። ምሳ ስወስድላቸው የሁሉንም ሰላምታ አገኘሁ፣ ከእሱ በስተቀር።