ሶስት ኢርፎን፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ጆሮዎች

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። አንድ ኢርፎን ነበረኝ፣ ስድስት ወር ሙሉ ስሙን ሳጠፋ የከረምኩት፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ "ቤዝ የሚባል ነገር የለውም፣ ጣሳ ውስጥ የተከፈተ ሬድዮ ነው" እያልኩ፣ ጓደኛዬማ ሊገዛው ሲል በግድ ነው ያስተውኩት። በኋላ ለካ ጥፋቱ የኢርፎኑ ሳይሆን የጆሮዎቼ ነው። ስሙን አሁንም አልጠራውም፣ እስካሁን ያወረድኩበት ስድብ ይበቃዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ የሚገጠም ሶስት ጥንድ ጎማ ይመጣል አይደል፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። እኔም እንደ ብዙ ሰው መካከለኛው ተገጥሞ ስለመጣ በሱ ስሰማ ኖርኩ፣ የቀሩትን ከነላስቲካቸው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው። አንድ ማታ ተኝቼ እየሰማሁ በቀኝ ጎኔ ስገለበጥ ትራሱ ኢርፎኑን ወደ ውስጥ ገፋው፣ ወዲያው ቤዙ ዱብ አለ። በአንድ ጆሮ ብቻ! ቤዝ ጊታሩ፣ የከበሮው ምት፣ ዘፈኑ ውስጥ መኖሩን የማላውቀው ነገር ሁሉ በቀኝ በኩል መጣ፣ በግራ ያው ጣሳው አለ። ጭንቅላቴን ከትራሱ ሳነሳ ይጠፋል፣ ሳስተኛው ይመለሳል። እዛው ጨለማ ውስጥ ሳነሳ ሳስተኛ፣ ሳነሳ ሳስተኛ ቆየሁና ተነስቼ መብራት አበራሁ፣ መሳቢያውን አገላብጬ ትልቁን ጎማ አውጥቼ በሁለቱም ገጠምኩ። በዛ ሌሊት ያው ዘፈን ስንቴ እንደተደገመ አልነግራችሁም።

ለምን እንደዛ እንደሚሆን በኋላ ነው የገባኝ። ኢርፎን ውስጥ ያለችው ስፒከር በጣም ትንሽ ነች፣ ክፍል ሙሉ አየር የማነቃነቅ አቅም የላትም፣ ማነቃነቅ የምትችለው በጎማውና በጆሮ ታምቡራችሁ መሀል የታሰረችውን ጠብታ የምታክል አየር ነው። ጎማው በደንብ ከገጠመ አየሩ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ቀጥታ ታምቡሩ ላይ ያርፋል፣ ቤዝ እሱ ነው። በፀጉር ስፋት ክፍተት ካለ ግን ወፍራሙ ድምፅ በዛች ቀዳዳ ሾልኮ ይሄዳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን አይሄድም፣ እዛው ይቀራል። ለዛ ነው ሲያፈስ ድምፁ የማይቀንሰው፣ የሚቀጥነው። ሰው ደግሞ ይሄን ሰምቶ "ይሄ ነገር ቤዝ የለውም" ይልና ሄዶ ቤዝ የበዛበት ሌላ ይገዛል፣ እሱም ያፈስበታል፣ እንደገና ሌላ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ እንደዛ ተሸውጃለሁ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ኢርፎኑን ሰክታችሁ ሙዚቃ ሳትከፍቱ አውሩ፣ የራሳችሁ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደገባ ወፍሮ ከተሰማችሁ ገጥሟል። ወይም ሙዚቃው እየሄደ በጣታችሁ ኢርፎኑን ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ጫን አርጉት፣ ቤዙ ከጨመረ ጎማው እያፈሰ ነው ማለት ነው። አደራረጉም ራሱ ለውጥ አለው፣ በሌላኛው እጃችሁ የጆሮአችሁን ላይኛ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አርጉት፣ የጆሮ ቱቦው ቀጥ ሲል ኢርፎኑን አስገቡት፣ ከዛ ልቀቁት። ሲገባ ትንሽ ጠቅ የሚል ወይም የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማችሁ አትደንግጡ፣ ስፒከሯ ላይ ያለችው ስስ ሽፋን በአየር ግፊት ስትታጠፍ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ አለ፣ አልተሰበረም።

በነገራችን ላይ ትልቁ ጎማ ለቀኙ ሲስማማ ግራውን በአንድ ሰዓት ውስጥ አቃጠለው። ሁለቱ ጆሮዎቼ እኩል አይደሉም ለካ። ለግራው ስፖንጅ ገዛሁ፣ በጣት ድብልብል አርጎ አቅጥኖ ማስገባት ነው ከዛ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዞ መቆየት፣ አገጣጠሙ አንደኛ ነው ግን ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይመጠዋል፣ እና በቀኝ ጎማ በግራ ስፖንጅ ስታረጉ ሲምባሉ (የከበሮው ሳህን) በሙሉ ወደ ቀኝ ይሰደዳል። ይሄን ችግር የፈታልኝ ሌላ ኢርፎን ነው፣ እሱ ላይ እደርሳለሁ።

እንግዲህ ከዛ ሌሊት በኋላ ነው አምሮቴ የተነሳውና በመካከለኛው ዋጋ ሶስት ኢርፎን ያጠራቀምኩት። ሶስቱም ባለገመድ ናቸው። ብሉቱዝ ለምን አልገዛህም ለምትሉኝ፣ አለኝ፣ ስራ ስሰራ እጠቀምበታለሁ፣ ግን በዚህ ዋጋ ከብሉቱዙ ላይ ገንዘባችሁ ለባትሪው፣ ለማይኩ፣ ለኖይዝ ካንስሊንጉ (የውጭ ድምፅ ማጥፊያው)፣ ለቻርጀር ሳጥኑ ይከፋፈላል፣ ባለገመዱ ላይ ግን ሁሉም ለድምፁ ነው። ባትሪዋ ደግሞ ከጥቂት አመት በኋላ መድከሟ አይቀርም። ስልካችሁ ጃክ (የኢርፎን መሰኪያ ቀዳዳ) ከሌለው ትንሿ መቀየሪያ ትበቃለች፣ ከ16 እስከ 32 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ያለ ኢርፎን አብዛኛውን ስልክ አይከብደውም።

የመጀመሪያው ሹር ኤስኢ215 ነው። ገበያ ላይ ከአስር አመት በላይ የቆየ ነገር ነው፣ ሙዚቀኞች መድረክ ላይ እንደሚያረጉት አይነት ገመዱ በጆሮ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ የሚወርድ። መጀመሪያ ቀን ላደርገው ስታገል ያየኝ ሰው የጆሮ ህክምና ላይ ያለሁ ነው የሚመስለው፣ በሶስተኛው ቀን ግን እጄ ለመደ፣ አሁን ጨለማ ውስጥም አደርገዋለሁ። ገመዱ ጆሮ ላይ ሲዞር ያለው ጥቅም ሌላ ነው፣ ስትራመዱ ገመዱ ልብሳችሁን ሲነካ ያለው ኩርክር ኩርክር ጆሮአችሁ ውስጥ ብዙም አይገባም። ውጭ ያለውን ድምፅ መከልከል ላይ አምራቹ እስከ 37 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ይላል፣ እኔ በመሳሪያ አልለካሁትም ግን አውቶቡስ ውስጥ ሞተሩን የማልሰማው በዚህ ብቻ ነው፣ ያለ ምንም ባትሪ። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፣ ቤዙ ወፈር፣ ከላይ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ፣ ለስለስ፣ ስፔኩ ላይ ራሱ እስከ 17.5 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ነው የሚለው። ሶስት ሰዓት ሰምታችሁ ጆሮአችሁ አይደክምም። ሲምባልና የክር መሳሪያ ጥርት ብሎ እንዲሰማው የሚፈልግ ሰው ግን ይሄን አይውሰድ፣ ሌላ አለለት። መነፅር ለምናደርግ ሰዎች ደግሞ አንድ ምክር፣ መጀመሪያ ኢርፎኑ ከዛ መነፅሩ፣ ከተገለበጠ ሁለቱንም መሬት ላይ ነው የምታገኟቸው።

ሁለተኛው ፋይናል ኢ3000። ይሄ ነገር ሲያዩት ምንም አይደለም፣ ከአይዝጌ ብረት የተሰራች የእርሳስ ቁራጭ የምታክል ሲሊንደር፣ ውስጧ 6.4 ሚሊ ሜትር ስፒከር። ጆሮ ውስጥ መኖሯ ሁሉ ይረሳል፣ በጎን ለሚተኛ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ድምፁን እንዴት ልግለፀው፣ ዘፋኙ ፊታችሁ አይቆምም፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ነው የሚዘፍነው፣ መሳሪያዎቹ ደሞ በዙሪያው ቦታ ቦታቸውን ይዘው። ስቱዲዮ ሳይሆን አዳራሽ ነው። ማታ ማታ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ስሰማ እጄ ሳላስበው እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት ነገር እወቁ ግን፣ ከኋላዋ ወንፊት ስላላት የውጭውን ድምፅ እንደ ሹሩ አትከለክልም፣ ሴንሲቲቪቲዋም (በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደምትጮህ) 100 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ስልኩ ላይ ቮልዩም ከሌሎቹ ከፍ ማረግ አለባችሁ። ገመዷም አይነቀልም፣ ይሄ ትንሽ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ገመዱ የማይነቀል አንድ ኢርፎን (ስም የለም አልኩ) መሰኪያው ስር ተቆርጦብኝ ሙሉውን ጥያለሁ።

የፋይናሏ ትልቁ ስጦታ ግን ጎማዋ ነው። ከሷ ጋር የሚመጣው ጎማ አምስት መጠን አለው፣ ሶስት አይደለም፣ ደግሞ የአንዱ አምራች መካከለኛ ከሌላው መካከለኛ ጋር አንድ አይደለም፣ ጫማ እንደማለት ነው። ቀኙን በኤል ግራውን በኤም አረግኩ፣ ተገጣጠመ፣ ሲምባሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ስፖንጁን በዛው ተሰናበትኩት። የኢርፎኑ አፍንጫ (ጎማው የሚሰካበት ቱቦ) ስፋት እስከገጠመ ድረስ ጎማውን ወደ ሌላ ኢርፎን ማዞር ይቻላል፣ ሹሩ ላይ ግን አይሰራም፣ አፍንጫው ቀጭን ስለሆነ ለሱ ልክ የተሰራ ነው የሚያስፈልገው።

ሶስተኛው በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ሙንድሮፕ አሪያ ነው። 10 ሚሊ ሜትር አንድ ስፒከር፣ ሰውነቱ ብረት፣ ገመዱ ይነቀላል። አንድ ኢርፎን ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምይዘው። ቮካሉ (የዘፋኙ ድምፅ) ቀረብ ያለና ሙሉ ነው፣ ቤዙ አለ ግን ማንንም አይገፋም። እዚህ ጋ ትንሽ ጉዳዩን ልዘርዝረው ምክንያቱም ደስ የሚል ነገር ስለሆነ። ባዶ የጆሮ ቱቦ በራሱ ልክ እንደ ጠርሙስ አፍ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል፣ ከተወለድን ጀምሮ አለምን የምንሰማው እንደዛ ነው። ቱቦውን በኢርፎን ስትደፍኑት ያ ማጉላት ይበላሻል፣ ስለዚህ አምራቹ እዛው አካባቢ ራሱ ከፍ አርጎ መመለስ አለበት። ካልመለሰው ዘፋኙ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፣ ካበዛው ይጮህባችኋል። ሀርማን የሚባለው ኩባንያ ብዙ ሰው እያሰማ የትኛው ድምፅ እንደሚወደድ አጥንቶ ለኢርፎን የሚሆን ከርቭ (የትኛው ድምፅ ምን ያህል ይጉላ የሚል መስመር) አውጥቷል፣ በፈረንጆቹ 2019 ላይ ያሻሻለውን ማለቴ ነው፣ ብዙ አምራች እሱን እንደ መነሻ ይይዘዋል። አሪያም ወደዛ የሚጠጋ ነው ግን ቤዙን ትንሽ በራሱ መንገድ ነው የያዘው።

የትሬብል (የቀጭኑ ድምፅ) ፈተና የምትፈልጉ ከሆነ ለኛ ቋንቋ የሚሆን አለኝ። አማርኛ ዘፈን ክፈቱ፣ ዘፋኙ "ሽ"፣ "ስ"፣ "ጽ" የሚልባቸውን ቦታዎች ጠብቁ። "ሽ" ስትመጣ አይናችሁ ከተጨፈነ ኢርፎኑ ከላይ በዝቶበታል። "ጽ" ፈነዳ የምትለዋ ነገሯ ጠፍቶ ለስላሳ "ስ" ከመሰለች ደግሞ ከላይ አንሶታል። ዴሞ ተብሎ የሚከፈት ዘፈን ሁሉ ላይ ሁሉም ኢርፎን አሪፍ ነው፣ ቃል በቃል በምታውቁት ዘፈን ሞክሩ።

ስታወዳድሩ ደግሞ ቮልዩሙን እኩል አርጉ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ ጆሮ እንደዛ ነው የሚታለለው፣ ሻጮችም ይሄን ያውቃሉ። በጎማ ጉዳይ ያገኘሁት ሌላ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፣ ሲገጥም የውጭው ድምፅ ስለሚጠፋ ቮልዩሙ ይወርዳል። የአለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው የሚለው፣ ከዛ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ነው የሚያንሰው፣ እኔ ድሮ በሚያፈስ ጎማ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ላይ እንደምሰማ ሳስበው አሁንም ያስደነግጠኛል።

የስፒከር ብዛት? ተዉት። ካርቶኑ ላይ በአንድ ጎን ስድስት ድራይቨር ስምንት ድራይቨር (ስፒከር ማለት ነው) የሚል አለ። ኢቲሞቲክ የሚባለው አምራች በፈረንጆቹ 1991 ላይ ያወጣው ኢአር4 የሚባል ኢርፎን በአንድ ጎን አንድ ብቻ ነበረው፣ ዛሬም ስሙ በክብር ይነሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሹሩ ግራ ጎን በቅርቡ ድምፁ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ሊጠፋ ሆነ። አለቀልኝ ብዬ ሀዘን ተቀምጬ ነበር፣ ከዛ ጎማውን አውልቄ በስልኬ መብራት ሳየው አፍንጫው ላይ ቡኒ ነገር ግጥም ብሎ ደፍኖታል፣ የራሴው የጆሮ ኩክ። አፉን ወደ መሬት ደፍቼ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልኩ አፀዳሁት (ወደ ላይ ይዛችሁ ከጠረጋችሁ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል)፣ ተመለሰ። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ደህናውን ኢርፎን ጥሎ ይሆን።

ባለፈው ሳምንት ያ በግድ ያስተውኩት ጓደኛዬ ደወለ። በኔ ምክር ሌላ ገዝቶ ነበር፣ ተናዷል።

"ይሄም ቤዝ የለውም እኮ፣ አንተ ነህ ያስገዛኸኝ" አለኝ።

"እሺ ተረጋጋ፣ የትኛውን ጎማ ነው የገጠምከው?" አልኩት።

"የምን ጎማ?"