«አልቆለታል» ለሚባል የኤልክ ቦታ ገንዘባችሁን አታስበሉ

ለዴንቨርና ለአውሮራ ወገኖች፣ ከሌላ ስቴትም በደጋን ኤልክ (ትልቁን የአሜሪካ አጋዘን) ለማደን ወደ ኮሎራዶ ለመምጣት ላሰባችሁ። የአደን ቦታና ፓኬጅ የሚሸጡ ሰዎች ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ «ቦታው ተጠንቶ አልቋል፣ የጂፒኤስ ነጥቦቹን በስልክ እንልካለን፣ ፈቃዱን እኛ እንጨርሳለን፣ ለበዓል ሥጋው ቤታችሁ ይገባል።» የደጋን ወቅቱ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ስለሆነ እንቁጣጣሽም መስቀልም እዚያው ውስጥ ይወድቃሉ፤ ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የማይነግራችሁ ግን ደጋን ይዘው ከሚወጡ አሥር አዳኞች ዘጠኙ ገደማ ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ነጥቦቹ። በሐምሌ ወንዶቹ ኤልኮች ተሰባስበው ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ባለው ሣር ላይ በጠራራ ፀሐይ ይውላሉ፤ ለቪዲዮ የሚመች ነው። መስከረም ሲጠባ ይበታተኑና ሴቶቹን ፍለጋ ወደ ጫካው ይወርዳሉ። የሐምሌ ነጥብ ለመስከረም አይሆንም። በዚያ ላይ ያው ነጥብ ለስንት ሰው እንደተሸጠ የምታውቁበት መንገድ የለም፤ ሁላችሁም በመክፈቻው ሳምንት አንድ ሸለቆ ከገባችሁ መንጋው ጥሏችሁ ይሄዳል።

መግዛታችሁ ካልቀረ ስለ እያንዳንዱ ነጥብ ጠይቁ። መቼ ተመዘገበ? ምን ተገኘበት፤ ትኩስ በጠጥ፣ የጭቃ መንከባለያ፣ በቀንድ የተላጠ ዛፍ ወይስ መኝታ? በየት በኩል ይገባል? ነፋሱስ ጠዋትና ማታ ወዴት ይሄዳል? ውሸታሙን የሚያጋልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ተራራ ላይ አየሩ ሌሊትና ማለዳ ቁልቁል ይፈሳል፣ ፀሐይ ሲበረታ ሽቅብ ይገለበጣል፣ ሲመሽ እንደገና ይወርዳል። ኤልክ ቀኑን ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ ሰሜን ባዞረ፣ ጥላው በከበደ ተዳፋት ላይ ይተኛል። በማለዳ ከላይ የሚያስገባችሁ መንገድ ሽታችሁን ከእናንተ ቀድሞ ያደርስላችኋል። ደጋን ደግሞ 30 ወይም 40 ሜትር ድረስ ካልተጠጉ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ነጥቡ የወደቀበት መሬት የማን እንደሆነ እዩ። በኮሎራዶ የግል መሬት ላይ አጥርም ማስጠንቀቂያም ባይኖር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማደን ጥፋት ነው። ካርታ ላይ የመንግሥት የሚመስለው «ስቴት ትረስት» የሚባለው መሬትም ለሕዝብ የሚከፈተው የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ተከራይቶ ለአደን ባስመዘገበው ክፍል ብቻ ነው። ሻጩ «በድሮን ያየነው ነው» ብሎ ከተኩራራ ደግሞ ራሱን አጋለጠ፤ ለአደን ብሎ በድሮን እንስሳ መፈለግ ክልክል ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ ጨዋታው ተቀይሯል። ከ2025 ጀምሮ የሌላ ስቴት ነዋሪ ከአይ-25 አውራ ጎዳና በስተምዕራብ የደጋን ኤልክ ፈቃድ እንደ ድሮው ከመደብር ገዝቶ አይወጣም፤ ዕጣ መግባት አለበት፣ ዋናው ማመልከቻ የሚዘጋውም በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። በኦገስት «ፈቃድ አለን» የሚላችሁ ሰው ከዕጣ የተረፈ እንደሆነና ለየትኛው ዩኒት (የአደን ክልል) እንደሚያገለግል ያሳያችሁ። የሌላ ሰው ፈቃድ ይዞ ማደን አይቻልም። «በእኔ አድራሻ ነዋሪ ሁን» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ነዋሪ ለመባል ስድስት ወር በተከታታይ መኖር ያስፈልጋል፤ የነዋሪው ዋጋ ከ60 ዶላር ትንሽ ሲበልጥ የሌላው ከ800 በላይ ስለሆነ ማጓጓቱ አይገርምም፣ ግን የሚጠየቀው በስሙ የፈረመው ገዢ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝ ትምህርት ምስክር ወረቀትም ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ማንም «አይጨርስላችሁም»።

በፓኬጁ ውስጥ ደጋን ካለ አስመዝኑት። ሕጉ ቢያንስ 35 ፓውንድ የመሳብ ኃይል ይጠይቃል፤ የልጆች መለማመጃ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። የፍላጻው ጫፍ የብረት ምላጭ ያለውና ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋት ያለው መሆን አለበት። ክሮስቦው (ቃታ ያለው ደጋን) ከሆነማ፣ በአካል ጉዳት የተለየ ፈቃድ ከሌላችሁ በቀር በደጋን ወቅት አይፈቀድም።

አብሯችሁ የሚወጣ መሪ ካለ፣ አገልግሎቱን የሚሸጠው ሰው ወይም ድርጅት ዋስትና፣ ኢንሹራንስና የጽሑፍ ውል ሊኖረው፣ በስቴቱም ሊመዘገብ ግድ ነው። ዶራ በሚባለው የተቆጣጣሪዎች መምሪያ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ። በፌዴራል ደን ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የደኑን ፈቃድም ጠይቁ።

ውሉ ውስጥ ሥጋውን ማን እንደሚያወርድ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ይህ መስመር የለም። ከአንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ አጥንቱ ወጥቶ 100 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይገኛል፤ በሰው ጀርባ አራት አምስት ጉዞ ነው፣ ፈረስ ከተጠራ ሒሳቡ ለብቻው ይመጣል። በመስከረም ሙቀት ሥጋው መጀመሪያ የሚበላሸው ከዳሌው መገጣጠሚያ ነውና ቶሎ ተገፎ፣ እስከ አጥንቱ ተከፍቶ፣ በጨርቅ ከረጢት ጥላ ሥር መሰቀል አለበት። ፕላስቲክ ያበላሸዋል። የሚበላውን ሥጋ ጥሎ መሄድም ያስቀጣል።

የቦታ መረጃ የፈለጋችሁ ደግሞ የስቴቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የአደን ካርታውንና በየዩኒቱ ስንት ኤልክ እንደተገደለ የሚያሳየውን የዓመት ዘገባ በነፃ ያወጣል፤ ስልክ ደውላችሁ ስለ አንድ ዩኒት የምታማክሩት ባለሙያም አለው። አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ መልእክቶቹንና ማስታወቂያውን አታጥፉ። በካርድ ከሆነ ባንኩ እንዲመልስ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የሄደ ገንዘብ ግን ለመመለስ በጣም ይከብዳል።