ከሽሪምፕ ጋር የትኛው ካትፊሽ ይሻላል? ለጎንደር ቤት የሚሆነውን መምረጥ

ቤቱ ውስጥ ዕፅዋት ያለበት አኳሪየም ያዘጋጀ ሰው ሽሪምፖቹ ከለመዱለት በኋላ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ካትፊሽ ልጨምርበት?» ይቻላል። ግን ካትፊሽ፣ ማለትም ጢም ያለው ዓሣ፣ ሲባል አንድ ዓሣ አይደለም፤ ከ3,000 በላይ ዝርያ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት የአፉን ስፋት እዩ። አብዛኛው ዓሣ አፉ የቻለለትን ይውጣል።

የእኛን አገር ካትፊሽ፣ አምባዛን፣ በቶሎ ልለፈው። ከጎርጎራ ትንሽዬ አምባዛ በጀሪካን ይዞ መምጣት ያጓጓል። ጠንካራ ነው፣ አየርም ይተነፍሳል። ነገር ግን ከ1 ሜትር በላይ ማደግ የሚችል አዳኝ ነው፤ ሽሪምፖቹን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ይቅርባችሁ።

ስለዚህ ምርጫው በሦስት ትንንሽ ካትፊሾች መካከል ነው፦ ኦቶሲንክለስ፣ አንሲስትረስ እና ኮሪዶራስ።

ለሽሪምፕ ከሁሉም የዋሁ ኦቶሲንክለስ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ አፉ ቅጠል ላይ ተለጥፎ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን) ይግጣል፣ የሽሪምፕ ጫጩት አያሳድድም። ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ በተሞላ አኳሪየም ውስጥ የሚበላው ስለማያገኝ በረሃብ ያልቃል። ቢያንስ ጥቂት ወራት የቆየና አልጌ የያዘ ውሃ ካላችሁ ብቻ ግዙት። ስትገዙም ሆዱን ከሥር እዩ። ሞላ ያለ ከሆነ ጥሩ፤ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ቢለምኗችሁም አትውሰዱ።

አንሲስትረስም ሽሪምፕ አያድንም። ግን ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ብዙ ይጸዳዳል፣ በደንብ ሥር ያልሰደደ ተክል ይነቅላል። ለትልቅ አኳሪየም ካልሆነ አልመክረውም።

እኔ ለጎንደር የምመርጠው ኮሪዶራስን ነው፤ ከኮሪዶራስም ፔፐርድ የሚባለውን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን። ምክንያቴ ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሂተሩ (ውሃ ማሞቂያው) አብሮ ይጠፋል። ኦቶሲንክለስ ከ22 ዲግሪ በታች ብዙ አይመቸውም። ፔፐርድ ኮሪ (ኮሪዶራስን ሲያሳጥሩት ነው) ግን ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ደስ ብሎት ይኖራል። ቼሪ የሚባለው ቀይ ሽሪምፕም 18 ዲግሪን ይችላል። ሁለቱ ይስማማሉ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከዝቅተኛ ቦታ ያነሰ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ዕፅዋቱም ኦክስጅን ይወስዳሉ። ኮሪ አየር ሲያጥረው ሽው ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ጎርሶ ይመለሳል፤ በአንጀቱ መተንፈስ ይችላል። ሽሪምፕ ይህን አይችልም። ስለዚህ ለሽሪምፖቹ ስትሉ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አይጥፋባችሁ። ፊልተሩም ስፖንጅ ይሁን፤ ሌላው ጫጩቶቹን ይስባቸዋል።

ኮሪ ጫጩት ይበላል ወይ? ካገኘ አዎ። አዲስ የተፈለፈለ ሽሪምፕ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መፍትሔው ጃቫ ሞስ የሚባለው የውሃ ተክል ነው፤ አንዱን ጥግ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት። ማታ የሚሰምጥ ምግብ ስትጥሉ አንዷ ትልቅ ሽሪምፕ እንክብሉን በፊት እግሮቿ አቅፋ ወደ ሞሱ ስትጎትት ታያላችሁ፤ ኮሪዎቹም በጢማቸው አሸዋውን እየዳበሱ ይከተሏታል። እኔ ይህን ለማየት ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ኮሪ ብቻውን አይሆንለትም፤ ስድስት ግዙ፣ ውሃውም 80 ሊትር ገደማ ይሁን። ሲገዙ ጢሙ ያልተበላውን ይምረጡ። ሥሩ ደቃቅ አሸዋ እንጂ ሹል ጠጠር አይሁን። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለበት ማለት ነውና ተዉት።

አንድ ነገር ከልቤ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ዓሦቼ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሲወጣ መድኃኒት ጨመርኩ። ዓሦቹ ዳኑ፤ ሽሪምፖቹ ግን በማግስቱ ጠዋት በጎናቸው ወድቀው አገኘኋቸው። መድኃኒቱ ውስጥ መዳብ ነበረ። መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ጠብታ አታስገቡ።

ከአዲስ አበባ በላስቲክ የመጣውን ሽሪምፕም በአንዴ አትልቀቁት። ባልዲ ውስጥ ከነውሃው አድርጉት፤ ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዝታችሁ ከአኳሪየሙ ወደ ባልዲው ጠብ ጠብ አስደርጉ። መቆጣጠሪያዋን በሰከንድ ሁለት ጠብታ ገደማ ላይ አቁሟት። ከሁለት ሰዓት በኋላ በመረብ እያወጣችሁ አስገቧቸው፤ ኮሪዎቹን ደግሞ ሽሪምፖቹ ሞሱን ከለመዱ ከሳምንታት በኋላ።