መለያ የሌለው ባለ 50 ዋት ኤፍ ኤም ማሰራጫ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚተክሉት

ለትምህርት ቤት ሬዲዮ ወይም ለትልቅ ጉባኤ ተብሎ በርካሽ የሚቀርበው ይህ ጥቁር የብረት ሳጥን ላይ ላዩን አያሳፍርም። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ይስተካከላል፤ ዲቪዬሽኑ (ድምፁ ሞገዱን ከመሃሉ ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝበት ስፋት) ከ75 ኪሎኸርዝ እንዳያልፍ ከተያዘ ድምፁም ጥርት ይላል። ክዳኑ ሲነሳ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ሻጮች «ፊልተር አለው» ይላሉ። አልዋሹም። ሦስት ጥቅልሎችና ጥቂት ካፓሲተሮች ያሉት ሎው ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛውን አሳልፎ ከፍተኛውን የሚቆርጥ) አለው፤ ግን የሚቆርጠው ከ175 ሜጋኸርዝ በላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች፣ ማለትም የዋናውን ድግግሞሽ ብዜቶች ነው። አውሮፕላን የሚጠቀምበት ከኤፍ ኤም አጥር አጠገብ ነው፦ ከ108 እስከ 117.975 የአይኤልኤስ ሎካላይዘር (ለማረፍ የማኮብኮቢያውን መሃል መስመር የሚያሳይ) እና የቪኦአር (አቅጣጫ የሚያሳይ የሬዲዮ ምልክት)፣ ከዚያ በላይ እስከ 137 የአብራሪና የተቆጣጣሪ ንግግር። እዚያ ላይ ይህ ፊልተር ወንፊት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ማሰራጫው በ106.9 እየሠራ፣ በዚያው ምሰሶ ላይ ሌላ በ103.7 ቢኖር፣ የሌላው ሞገድ በአንቴናው ተመልሶ ገብቶ በማጉያው ትራንዚስተር ውስጥ ከራሱ ሞገድ ጋር ይደባለቃል። 106.9 ሲደመር 106.9 ሲቀነስ 103.7፣ 110.1 ይሆናል፤ የሎካላይዘር ሠፈር ነው። የሎካላይዘር መቀበያ የ90 እና የ150 ኸርዝ ድምፆችን እያነጻጸረ ነው መርፌውን የሚያዞረው። በንግግር መስመር ላይ ዘፈን ከገባ አብራሪው ይሰማል፤ መርፌ በዝምታ ሲዛባ ግን ማን ያውቃል? በ3 ዲግሪ የሚወርድ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው 10 ኪሎ ሜትር ላይ ከፍታው ወደ 520 ሜትር ብቻ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ምሥራቅና ምዕራብ የሚያዩ በመሆናቸው፣ በቦሌ አራብሳ አቅጣጫ የሚተከል አንቴና ለአውሮፕላኑ ቅርብ ጎረቤት ነው። (የዛገ ቆርቆሮ ጣራም አይናቅ፤ የላላ ሚስማር እንደ ዳዮድ ሆኖ ሁለት ሞገድ ያደባልቃል።)

አብሮ የሚመጣው ዳይፖል (ባለ ሁለት ክንድ አንቴና) ለ98 ሜጋኸርዝ የተቆረጠ ነው፣ እያንዳንዱ ክንድ 72 ሴንቲ ሜትር ግድም። በ106 ለመሥራት ወደ 67 መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ካልተቆረጠ ኤስደብሊውአሩ (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል መለኪያ) ይወጣና ማጉያው በራሱ ሊያፏጭ፣ ማለትም ያልተፈለገ ሞገድ ሊፈጥር ይችላል። የመብራት ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ዳር ሰፈር ደግሞ ፉጨቱ ቦታ እየቀየረ ስለሚሄድ ለማግኘት ያስቸግራል። ስታቢላይዘር ግዴታ ነው።

ከማሰራጨት በፊት በባለ 50 ኦም፣ 100 ዋት የሚችል ባለ 40 ዴሲቤል አቴኑዌተር (ኃይል ቀናሽ) እና ተጨማሪ 20 ዴሲቤል አድርጎ በስፔክትረም አናላይዘር (በየድግግሞሹ ያለውን ኃይል በሚያሳይ መለኪያ) ማየት። ከ108 በላይ የሚታይ ማንኛውም ነገር ከዋናው ሞገድ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ዝቅ ማለት አለበት፤ ከ50 ዋት ሲሰላ 50 ማይክሮዋት መሆኑ ነው። ከዚያ በአቴኑዌተሩ ላይ 10 ዴሲቤል ጨምሮ መሞከር፦ የተጠረጠረው ምልክት በ10 ከወረደ ከማሰራጫው ነው፣ በ30 ከወረደ ራሱ መለኪያው የፈጠረው ነው። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች መለኪያውን አምነው ጥሩ ማሰራጫ ይጥላሉ።

ማስተካከያው በአንዱ ድግግሞሽ ላይ የተቃኘ ካቪቲ ባንድ ፓስ ፊልተር (ያን ድግግሞሽ ብቻ የሚያሳልፍ የብረት ሳጥን) ነው፤ የሚወጣውንም የሚገባውንም ይገድባል። ጥቂት ዋት ይበላል፣ ዋጋውም ከማሰራጫው ሊበልጥ ይችላል። በአንድ ምሰሶ ሁለት ማሰራጫ ካለ ሰርኩሌተር (ሞገድን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ይጨመር። ፊልተር የማይፈታው ግን አለ፦ ንጹሕ ሆኖ ኃይለኛ የሆነ ኤፍ ኤም በአውሮፕላኑ መቀበያ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይደባለቃል። ኢካኦ (ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀበያዎች ይህን እንዲቋቋሙ ቢያስገድድም፣ ከመሬት በኩል ያለው መፍትሔ ቦታ፣ ኃይልና ድግግሞሽ መምረጥ ነው።

እንደተገዛ ከ5 ኮከብ 2፤ ከካቪቲና ከተስተካከለ አንቴና ጋር 4። ፍሪኩዌንሲው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የስርጭት ፈቃዱ ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሳይወጣ ሳጥኑን ከመብራት አያገናኙ።