የሐር ልብስ ለመተኮስ የገዛሁት የእንፋሎት መሣሪያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የእናቴ የሐር ቀሚስ ደረቱ ላይ የካውያ ጫፍ የምታህል አብረቅራቂ ምልክት አለችው። ቀሚሱን በሰፈራችን ላለ አንድ ላውንደሪ ሰጥተን ነበር፤ እነሱም በፊት ለፊቱ በኩል፣ ምንም ጨርቅ ሳይደርቡበት፣ ለጥጥ በሚሆን ሙቀት ተኮሱት። ከዚያ ወዲህ የሐር ልብስ ለሰው አልሰጥም ብዬ፣ ሻጮቹ ስቲመር የሚሉትን በእጅ የሚያዝ የእንፋሎት መተኮሻ ከመርካቶ ገዛሁ። ስምንት ወር ስለሠራሁበት መልካሙንም ጉድለቱንም ለመናገር የምችል ይመስለኛል።

የገዛሁት 1500 ዋት የሚስብና 250 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚይዝ ነው። ከተሰካ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው እንፋሎት ይሰጣል፤ አንዴ የተሞላው ውሃም ሁለት ሸሚዝና አንድ ሻሽ ያዳርስልኛል።

ሐር እንደ ጠጉራችን ከፕሮቲን የተገኘ ክር በመሆኑ ብርቱ ሙቀት ሲነካው ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ የጋለ ብረት ሲጫነው ደግሞ ክሩ ተደፍጥጦ ያለ ወጉ ያብረቀርቃል። የእናቴ ቀሚስ ላይ ያለችው ምልክት ይህችው ናት፤ ብናጥባትም አልለቀቀችም። እንፋሎት ግን ክሩን ሳይጫን ስለሚያረጥበውና ስለሚያፍታታው፣ የተጨማደደው ጨርቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየተሳበ ይስተካከላል። በልብስ መለያ ላይ የምናየው ባለ አንድ ነጥብ የካውያ ምልክት እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ባለ ሁለት ነጥቡ ደግሞ እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይፈቅዳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሐሩን ያሳርረዋል ብዬ የምፈራው እንፋሎቱን ሳይሆን የመሣሪያውን የጋለ አፍ ነው፤ እሱን ጨርቁ ላይ አላሳርፍም።

ትልቁ ጉድለቱ ጠብታ ነው። ገና ሥራ ሲጀምር ከእንፋሎቱ ጋር ፍል ውሃ ይተፋል፤ ጠብታው ሐር ላይ ሲደርቅ ዙሪያው የጠቆረ ክብ ምልክት ይተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ወይን ጠጅ ሻሼ ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ክቦች ወጡብኝ፤ ሻሹን በሙሉ እኩል አርጥቤ በጥላ በማድረቄ ጠፉልኝ እንጂ ደንግጬ ነበር። አሁን መትፋቱን እስኪያቆም ድረስ በፎጣ ላይ አስነፍሰዋለሁ፣ ስሠራም ቀጥ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ ትንሽ ሲያዘነብሉት ወዲያው ያንጠባጥባልና። የቧንቧ ውሃ ነጭ ዝቃጭ እየተወ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍናቸው፣ ማዕድን የሌለበት የተጣራ ውሃ ባገኘሁ ቁጥር እሱን እጠቀማለሁ።

ልብሱን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጬ በሰፊ መስቀያ ላይ እሰቅለዋለሁ። መሣሪያውን አራት ጣት ያህል አርቄ ከትከሻ ወደ ታች ቀስ እያልኩ ስወርድ፣ በግራ እጄ ዘርፉን በሁለት ጣት ይዤ ለስለስ አድርጌ ወጠር አደርገዋለሁ። ሐር ሲረጥብ ጥንካሬው ስለሚቀንስ በኃይል የሳበው ሰው ስፌቱ አጠገብ ክሩን ያሳሳዋል። ከጨረስኩ በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል ተሰቅሎ እንዲደርቅ እተወዋለሁ፤ እርጥበቱ ሳይለቀው ከለበሱት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ተመልሶ ይጨማደዳል።

ኮሌታ፣ የእጅጌ ጫፍና በሳጥን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ታጥፎ የቆየ ልብስ እጥፋት ግን ለዚህ መሣሪያ አይበገሩም። ለእነሱ ካውያ አልቀረልኝም። በዝቅተኛ ሙቀት፣ በውስጥ በኩል፣ ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ደርቤ፣ ልብሱ እኩል ረጠብ እንዳለ ጫን ነሣ እያደረግሁ እተኩሳለሁ፤ ወዲያና ወዲህ አልጎትትም፣ በላዩም ውሃ አልረጭም።

ሳባሃር ከተባለው የአዲስ አበባ የሽመና ድርጅት የተሠራ አንድ የእጅ ሽመና ሻሽ አለኝ፤ ክሩ የጉሎ ቅጠል ከሚበላው ከኤሪ የሐር ትል የተገኘ ነው። የኤሪ ሐር በእንጆሪ ዛፍ (በእንግሊዝኛ ማልበሪ) ቅጠል እንደሚያድገው ትል ሐር በአንድ ረጅም ክር አይመዘዝም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል ሻሼ ወፈር ያለና ብዙም የማያብረቀርቅ ሆኖ ያገኘሁት፤ በእንፋሎትም ሁለት ጊዜ ካለፍኩበት ይበቃዋል። እንደ ውሃ የሚንሸራተተው ስስ ሳቲን ግን ዓይንን ከላዩ የማያስነቅል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዘወትር ሐር ለሚለብስ ሰው መሣሪያው ዋጋውን ያወጣል እላለሁ፤ በዓመት አንዴ ለሚለብስ ግን በጥንቃቄ የተያዘ ካውያና የጥጥ ጨርቁ ይበቁታል። የምትገዙ ከሆነ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ ውሃ አስሞልታችሁ በሶፍት ላይ አስሞክሩት፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላም ሶፍቱ ላይ ጠብታ የሚጥል ከሆነ ለሐር አይሆንም።