ደሴ ፒያሳ ያለው የማታ ኮርስ፦ ነጻ ፈቃድና አስቀድሞ መወሰን

አስተማሪዎቹ ታሪኩ ላይ ጎበዝ ናቸው። የአርሚንዮስ (የሰው ፈቃድ ድርሻ አለው ያለው የኔዘርላንድ የሃይማኖት መምህር) ተከታዮች በ1610 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን አምስት አንቀጽና እዚያው ኔዘርላንድ ዶርት ከተማ ላይ የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ (1618–19) የሰጠውን መልስ ጎን ለጎን ያስነብባሉ። «አምስቱን ነጥብ (የዶርቱን መልስ ማለት ነው) ካልቪን ጻፈው» የሚለውም ስህተት እዚያው ይታረማል፤ አስቀድሞ መወሰንን ያስተማረው ካልቪን እኮ የሞተው በ1564 ነው።

የኮርሱ ጥራዝ ግን ያናድዳል። ኤፌሶን 1፥4 ላይ «መረጠን» ብሎ «በክርስቶስ» የሚለውን ጥሎታል። የክርክሩ ግማሽ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው፦ የተመረጠው እያንዳንዱ ሰው ነው ወይስ በክርስቶስ ያለው ማኅበር? ሮሜ 9ንም ካለ 10 እና 11 ስለሚያነቡት የእስራኤል ጉዳይ ይጠፋል።

ሲራክ 15፥16፣ እሳትና ውኃ ቀርቦልህ ወደ ወደድኸው እጅህን ትዘረጋለህ የሚለው፣ ጭራሽ የለም። ተዋሕዶ የሆናችሁ ሲራክ ያለበትን ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ሂዱ።